ደጋኑን ከሌላ ሱቅ ብንገዛ ሰውየውን ከዳነው?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከሜሪላንድ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። ነገሩ ስለ ቫዮሊን ደጋን ነው፤ ክሩ ላይ ስለሚሳበው፣ የፈረስ ጭራ ስለተወጠረበት ዘንግ።

«ሰላም እትዬ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ 16 ዓመቷ ነው፤ ቫዮሊን መጫወት ከጀመረች ሰባት ዓመት አለፋት። ከመጀመሪያዋ ትንሽ የኪራይ ቫዮሊን ጀምሮ እስከ ዛሬዋ ድረስ ሁሉንም ያገኘነው ሰፈራችን ካለ አንድ ትንሽ ሱቅ ነው። ባለቤቱ ራሱ ይሠራል፣ ራሱ ይጠግናል። ባለፈው ዓመት ነገ ኮንሰርት ሊኖራት ዛሬ ማታ ክሩን የሚሸከመው እንጨት ወደቀ። ሰውየው ሱቁን ቆልፎ ሲወጣ ነው የደረስነው። ተመልሶ ከፈተ፤ መብራት አብርቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራልን። ሒሳብ ስጠይቀው ‹ይልቅ ደህና ትጫወት› አለኝ።

አሁን መምህሯ ‹ቫዮሊኗ ደህና ነው፤ ደጋኗ ግን ከእንግዲህ አይመጥናትም› አለችን። 2,500 ዶላር መድበናል። ሰውየው ጋ ሄደን ሦስት ደጋን ሞከረች። አንዱም አልሆናትም። መምህሯ ሌላ ከተማ ያለ ትልቅ ሱቅ ጠቁማናለች፤ በፖስታ እየላኩ ያስሞክራሉ አለች። ባለቤቴ ‹ገንዘቡ የኛ፤ የፈለግንበት እንገዛለን፣ እሱን ምን አገባው?› ይላል። እኔ ግን ተጨነቅኩ። ከሌላ ገዝቼ ዝም ልበል? ጭራውን ለማስቀየር ያንኑ ደጋን ይዤ እሱ ጋ ስሄድስ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ መጥፎውን ዜና ልንገርሽ። ዝም ማለቱ አይሠራም።

ከደጋን ጋር ውሎ የሚያመሽ ሰው በእጁ ያለፈውን ዕቃ ያውቃል። ሳጥኑን ስትከፍቺለት ጫፉን ገና አይቶ ከሱ ሱቅ እንዳልወጣ ይገባዋል። ምንም አይልሽም። «ቆንጆ ነው፤ ለሐሙስ ይደርሳል» ብሎ ይቀበልሻል። አንቺ ግን እስከ ሐሙስ እንቅልፍ የለሽም።

እኔ ይህን የማውቀው በቀሚስ ነው። አዲስ አበባ ሳለን ቤታችን ፊት ለፊት አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። የእኔና የእህቶቼ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በሙሉ በሱ እጅ ነው ያለፈው። ለታላቅ እህቴ ሠርግ ግን ቀሚሴን ፒያሳ አሰፋሁ። በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ስመለስ በሱቁ ፊት ላለማለፍ በጓሮ ዞርኩ። ክረምት ነው፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። የሠርጉ ዕለት ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ አየሁት። ጎረቤት አይደል፣ ተጠርቷል! ከላይ እስከ ታች አየኝና «ወገቡ ጠብቋል፤ ሰኞ አምጪው፣ እለቅልሻለሁ» አለኝ። ቁጣ የለ፣ ሽሙጥ የለ። ሰኞ ግን አልሄድኩም። ቀሚሱም እንደጠበበ ቀረ።

ያ ያንቺም በሽታ ነው፤ ስሙ ይሉኝታ ነው። ከታማኝነት ጋር ስለሚመሳሰል ያታልላል። እኔ በጓሮ የዞርኩት ለሰውየው አዝኜ ቢሆን ኖሮ ሰኞ ቀሚሱን ይዤለት እሄድ ነበር፤ ጥሩ ሒሳብም ይቀበለኝ ነበር። የዞርኩት ለራሴ ፊት ነው።

እስቲ ደግሞ ‹ደንበኛ› የሚለውን ቃላችንን አስቢው። ሽንኩርት ሻጯ «ደንበኛዬ፣ ነይ» ትልሻለች፤ አንቺም ለጎረቤትሽ «ደንበኛዬ ጋ ሂጂ፣ አታታልልሽም» ትያለሽ። ሻጭም ገዢም በአንድ ቃል ነው የሚጠራሩት። ሽንኩርት ደንበኛሽ ጋ የፈለግሽው በርበሬ ከሌለ ከጎኗ ትገዢያለሽ። እሷው ራሷ «እዚያች ጋ አለ» ብላ ትጠቁምሻለች። የሚያስቀይማት ሌላ ነገር ነው፤ በርበሬውን ገዝተሽ መጥተሽ «እስቲ ጥሩ መሆኑን እዪልኝ» ብትያት ነው። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና።

የትንሽ ቫዮሊን ሱቅ እንጀራው ከየት እንደሚመጣ ማወቁ ጭንቀትሽን ያቀልልሻል። ውድ ደጋን በየቀኑ አይሸጥም። ቤቱን የሚያቆሙት የተማሪ ኪራይ፣ ክር፣ ጥገናና ጭራ መቀየር ናቸው። አንቺ ሰባት ዓመት ይህን ሁሉ ስትከፍዪ ኖረሻል። ደግሞ በ2,500 ዶላር ደረጃ ያሉ አሥር ደጋኖችን ግድግዳ ላይ መስቀል ማለት በመሸጫ ዋጋ 25,000 ዶላር ማስተኛት ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰው ሦስት ቢኖረው አይደንቅም። ሦስት ብቻ ያለው መሆኑን እሱም ያውቃል።

እነዚያ ሦስቱ ልጅሽን አለመስማማታቸውም የማንም ጥፋት አይደለም። የቫዮሊን ደጋን ከ60 ግራም የማይርቅ ነገር ነው፤ ቁመቱ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያችው ቀጭን እንጨት ግን አንዱ ቫዮሊን ላይ ትዘፍናለች፣ ሌላው ላይ ታንቋርራለች። አንድ ሠሪ በአንድ ሳምንት ከአንድ ግንድ የሠራቸው ሁለት ደጋኖች እንኳ ጠባያቸው ይለያያል። ክብደቱ እኩል ሆኖ ሚዛኑ ትንሽ ወደ ጫፉ ከሄደ እጅ ላይ ሌላ ደጋን ነው። ለዚህ ነው በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች ደንበኛቸው ብዙ ሱቅ ዞሮ መሞከሩን እንደ ክህደት የማይቆጥሩት። እነሱም ሲገዙ እንደዚያው ነው የሚዞሩት።

የኔ ልጅ ቼሎ ስለምትጫወት ይህን መንገድ አንዴ ሄጄበታለሁ። አሥራ አንድ ደጋን ነው የሞከረችው። ከአምስተኛው በኋላ እኔ ጆሮዬ ደነዘዘ።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አሁን የያዘችው ደጋን ጭራው የተቀየረው መቼ ነው? በየቀኑ የሚጫወት ልጅ በዓመት አንዴ፣ ሲበዛም ሁለቴ ማስቀየር አለበት። ጭራው ሲያረጅ ሮዚን የሚባለውን ሙጫ ቢቀቡትም ክሩን አይዝም፤ ልጅቷ እጇን ትጫናለች፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ሁሉም ሰው እንጨቱን ይወቅሳል። የኛም አዝማሪ የመሰንቆው ደጋን ሲያንሸራትትበት ጭራውን ይፈትሻል እንጂ ወዲያው ሌላ ደጋን አይፈልግም። ከዓመት ካለፈው ሰውየው ጋ ውሰጂውና አስቀይሪ። ከ70 እስከ 100 ዶላር ቢያስወጣሽ ነው። መምህሯ ትክክል ልትሆን ትችላለች፤ አዲስ ደጋን ያስፈልጋት ይሆናል። ግን የድሮው ደህና ጭራ ካልለበሰ አዲሱን ከምን ጋር ታወዳድረዋለች? ለንግግሩም ጥሩ መግቢያ ይሆንሻል፤ ባዶ እጅሽን አትሄጂም።

አሁን ወደ ንግግሩ። ሌላው ሱቅ ጋ ከመደወልሽ በፊት እሱን አነጋግሪው። በኋላ ‹ገዛን› ብሎ ማርዳትና በፊት ‹ልንፈልግ ነው› ብሎ ማማከር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ነገሩን አታስረዝሚው። እንዲህ በዪው፦ «ሦስቱን ሞከረቻቸው፤ አልሆኗትም። እስከ 2,500 ዶላር አለን። ከሌላ ሱቅም አስመጥተን ልንሞክር ነው። ከዚያ በፊት አንተ የምታስመጣልን ካለ ሦስት ሳምንት መጠበቅ እንችላለን።» በቃ። ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም፤ የኮንሰርቱን ዋዜማ ማንሳትም አያስፈልግም። ውለታውን እያነሳሽ ስትለማመጪው እሱንም ታስጨንቂዋለሽ።

ልጅሽን ይዘሻት ሂጂ፤ እሷ ትናገር። ‹አልወደድኩትም› ብቻ ከሆነ ምንም አይረዳውም። ‹የመጀመሪያው ጫፉ ይከብደኛል፤ ሁለተኛው ፈጣኑ ቦታ ላይ ሲዘል አይታዘዘኝም፤ ሦስተኛው ቀስ ብዬ ስስብ ድምፁ ይቀጥናል› ካለችው ግን ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ምን ሊያደርግ እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም። ደጋን ሠሪዎች ዘንድ ደውሎ ሁለት ሦስት እንዲልኩለት መጠየቅ ይችላል። ሰዎች እንዲሸጡላቸው በአደራ የሰጧቸውን ደጋኖች ከሌሎች ነጋዴዎችም ሊዋስ ይችላል። ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር ስልኩ ላይ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ሦስት ሳምንቱን ደግሞ በእውነት ጠብቂው። በሁለተኛው ሳምንት ከሌላ ገዝተሽ ብትገኚ ያኔ ቅሬታው እውነተኛ ነው። ሰውየው ላንቺ ብሎ ከሰው ለምኖ ያስመጣው ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል።

«በዚህ ዋጋ የማመጣልሽ የለኝም፤ ሂጂ ፈልጊ» ካለሽም ተገላገልሽ። ብዙዎቹ እንዲያ ነው የሚሉት። የትኛው ሱቅ ደህና እንደሆነ ሳይቀር ይነግርሻል።

እንግዲህ ሌላው ሱቅ ደጋን ላከልሽ እንበል። የሚላከው እንደ ኩባንያው ቢለያይም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደጋን ነው፤ የሙከራው ጊዜ ደግሞ አንድ ሳምንት አካባቢ ነው። የካርድ ቁጥር ይይዛሉ፣ ወረቀት ያስፈርማሉ። የመመለሻው የፖስታ ወጪ ብዙ ጊዜ ያንቺ ነው፤ ስትመልሺም በሙሉ ዋጋው ኢንሹራንስ ግቢለት። ቤትሽ እስካለ ድረስ ያ ደጋን ዕቃሽ አይደለም፣ አደራ ነው። አደራ ምን እንደሆነ ለአበሻ አላስረዳም። ተጫውታ ስትጨርስ ጭራውን ታላላው፤ ከታች ያለችውን ትንሽ ብሎን ሁለት ሦስት ጊዜ ማዞር ነው። መኪና ውስጥ አይቀመጥ፤ የሜሪላንድን የሐምሌ ሙቀት ታውቂዋለሽ፣ በሙቀት ጎብጦ የተሠራ እንጨት በሙቀት ይበላሻል። የዋጋዋን ወረቀት አትገንጥሉ። ሮዚን በልክ ይሁን። መምህሯ ጋ ትውሰደው፣ የኦርኬስትራ ልምምድም ትውሰደው፤ የሚሞከረው እንዲያ ነው። ሕዝብ ፊት ኮንሰርት ልትጫወትበት ከሆነ ግን አስቀድመሽ ጠይቂ። ቀኑ ሲደርስ ካልመለስሽ ደግሞ ሰው ይጠብቀዋል፤ ከናንተ ቀጥሎ ተራ የያዘ ሌላ ልጅ አለ።

ሳትወጂው ስትመልሺ ሁለት መስመር ጻፊላቸው። ‹ጫፉ ከበዳት፤ እናመሰግናለን› በቂ ነው። ዝም ብሎ ሳጥን መላክ ያስቀይማል።

አራት ሱቅ በአንድ ጊዜ አታስመጪ። አንደኛ ልጅቷ ግራ ይገባታል፤ ሁለተኛ የሰው ዕቃ በነጻ ማከማቻ መሆን ነው። ሁለት ሱቅ ይበቃል፤ ለሁለቱም ‹ከሌላም እየሞከርን ነው› በዪ። ይህን መስማት ለምደውታል።

አሁን ያቆየሁት የበርበሬው ነገር። ከሌላ ሱቅ የመጣውን ደጋን ይዘሽ ሰውየው ጋ ሄደሽ «እስቲ እየው፣ 2,400 ዶላር ያወጣል?» እንዳትዪ። እባክሽ። ነገሩ እንደ ምክር መጠየቅ ይመስላል፤ ‹አክብሬው ነው› ትያለሽ። እሱ ግን የት ይግባ? ‹አያወጣም› ቢል የሌላውን ዕቃ አጣጥሎ የራሱን ሊሸጥ መሰለ። ‹ያወጣል› ቢል የራሱን ገበያ በነጻ ለሌላ አስረከበ። እውቀቱ ደግሞ መሸጫው ነው፤ እንጨቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ስንጥቅ የሚያይበት ዓይን የሠላሳ ዓመት ሥራ ሊሆን ይችላል። ደህና ነጋዴ ስለ ሌላ ነጋዴ ዕቃ ሲጠየቅ ዝም የሚለው ለዚህ ነው። እዚያ ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ የሱን ደጋንና የሌላውን ደጋን እያፈራረቃችሁ መሞከርም እንደዚያው ነው፤ ሳይፈቅድ አይደረግም።

ማስመርመር ከፈለግሽ መንገድ አለው። መጀመሪያ የላከውን ሱቅ ‹ለሌላ ባለሙያ ባሳየው ቅር ይላችኋል?› በዪ። ከዚያ ሰውየውን «ምርመራ በስንት ታደርጋለህ? እከፍላለሁ» በዪው። የሚከፈልበት ሥራ ሲሆን የምክርም መልኩ ይቀየራል። አልፈልግም ካለሽ አትጫኚው።

መምህሯን በተመለከተ አንድ ትንሽ ነገር ላንሳ፤ አንቺ አላነሳሽውም። በዚህ ንግድ ውስጥ አንዳንድ ሱቆች ተማሪ ለላከላቸው መምህር ኮሚሽን ይሰጣሉ። የድሮ ልማድ ነው፤ ብዙ መምህራን አይቀበሉም፣ የሚቀበሉ አሉ። የልጅሽ መምህር ትቀበላለች ማለቴ አይደለም። ግን ገንዘቡ ከሽያጩ ዋጋ ላይ ስለሚወጣ ማወቅ መብትሽ ነው። ሳትፈሪ ጠይቂያት፦ «ከሱቁ የምታገኚው ነገር ካለ ብናውቅ ደስ ይለናል፤ ቅር አይለንም።» ንጹሕ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ አይቀየምም። እዚህም ይሉኝታ ይይዝሽ ይሆናል፤ አውቃለሁ።

ባለቤትሽ ግማሽ እውነት አለው። ገንዘቡ የናንተ ነው። ‹ምን አገባው› የሚለው ላይ ግን ሒሳቡን ደግሞ ይሥራ። ድሮ ከሌላ ስቴት በፖስታ መግዛት ከታክስ ያስመልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ከተሰጠው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ ስቴቶች ከውጭ የሚሸጥላቸውን ነጋዴ ታክስ ማስከፈል ይችላሉ፤ ስለዚህ የሜሪላንዷ 6 በመቶ፣ በ2,500 ዶላር ላይ 150 ዶላር፣ እዚያም ልትጠብቅሽ ትችላለች። ፖስታና ኢንሹራንስ ጨምሪበት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመመለስ ነገር ነው። ብዙ ሱቆች ከነሱ የገዛሽውን ዕቃ፣ ከፍ ያለ ሌላ ስትገዢ፣ በገዛሽበት ዋጋ ይይዙልሻል። ልጅሽ ኮሌጅ ገብታ ደጋን ልትቀይር ብትል የሰፈርሽ ሱቅ ይህን ካደረገልሽ መኪና አስነሥቶ መሄድ ነው፤ ሩቁ ሱቅ ካደረገው ደግሞ ማሸግና መላክ ነው። ሁለቱንም አስቀድመሽ ጠይቂ፤ በጽሑፍ ይስጡሽ።

ክርክር ላይ ደግሞ መርካቶን እዚያው ተዪው። ‹የመጨረሻው ዋጋ ይሄ ነው?› ብሎ አንዴ መጠየቅ ነውር የለውም። በአደራ የሚሸጥ ዕቃ ከሆነ ባለቤቱ ተደውሎለት ሊቀንስ ይችላል። በሕይወት ያለ ሠሪ የሠራው አዲስ ደጋን ከሆነ ግን ዋጋውን የቆረጠው ሠሪው ነው፤ ሱቁ ብዙ መላወሻ የለውም። የአንዱን ሱቅ ዋጋ ይዞ ሌላው ጋ እየሄዱ ማፋጀት ግን አያምርብሽም። መቶ ዶላር ታተርፊ ይሆናል፤ ቀጥሎ ኮንሰርት ዋዜማ ላይ በር የሚከፍትልሽ ግን አይኖርም።

ለባለቤትሽ ግን ሥራ አለው። ደጋኖቹ ሲመጡ ዋጋቸውን እሱ ብቻ ይወቅ። ጠረጴዛ ላይ በቁጥር ይደርድራቸው፤ ልጅቷ የድሮዋንም ጨምራ አንድ በአንድ ትሞክር። ዋጋ ያየ ጆሮ አይታመንም፤ እኔ ራሴ የ4,000 ዶላሩ ‹እንዴት ያምራል!› ብዬ የ1,800ው ሆኖ ተገኝቷል። አንድ ቀርፋፋ ረጅም ቁራጭ፣ አንድ ደጋኑ የሚዘልበት ፈጣን፣ አንድ ደግሞ ጫፉ ላይ በጣም በቀስታ የሚሳብ ትምረጥ፤ ሁሉንም ደጋን በነዚያው ትሞክር፣ በራሷ ቫዮሊን። አንቺ ወጥ ቤት ሆነሽ ስሚ። ቅርብ ሆኖ የሚያምር ድምፅ ሩቅ ሲሆን የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ማታ ደክሟት ሳለም ትሞክር፤ በድካም ጊዜ እጅ የማያስቸግር ደጋን ነው ነገ የሚኖረው። የመጀመሪያ ቀን የወደደችውን በሦስተኛው ቀን ልትጠላው ትችላለች። አትቸኩዪ።

በካርቦን ፋይበር የተሠራም ከመጣላት አታጣጥሉት፤ በናንተ ዋጋ ጥሩ ጥሩ አሉ፣ ሙቀትና ዝናብም አያስጨንቃቸውም። የእንጨቱ ዓይነት የሚታወቀው ፐርናምቡኮ በሚባለው የብራዚል ዛፍ ነው። አገሪቱ ስሟን ያገኘችው ከዚያው ዛፍ ነው። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ የፓሪሱ ፍራንሷ ቱርት የዛሬውን ደጋን መልክ ካስያዘ ጀምሮ ሠሪዎች ከሱ አልወጡም፤ ዛፉ ግን እየተመናመነ ስለሄደ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ንግዱ ሊጠፉ የሚችሉ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሳይተስ፣ ቁጥጥር ሥር ነው። ስለዚህ ስትገዢ ሠሪውን፣ እንጨቱንና ዋጋውን የሚገልጽ ወረቀት ተቀበዪ። ለኢንሹራንስም ይጠቅምሻል። አሮጌ ደጋን ከሆነ ደግሞ ጫፉ ላይ ያለችው ነጭ ነገር ምን እንደሆነች ጠይቂ፤ የዝሆን ጥርስ ከሆነች ወደ አሜሪካ ማስገባትም ሆነ መሸጥ ራስ ምታት ነው። ለዚህ ነው ‹ከአውሮፓ ጨረታ በርካሽ ተገኘ› የሚል ወሬ ስሰማ ዝም የምለው።

ሩቁ ሱቅ ያለው ደጋን ተመረጠ እንበል። ግዢው። ከዚያ በዚያው ሳምንት ሰውየውን ንገሪው፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰማ። «አገኘን፤ ከእገሌ ሱቅ ነው። ስላስመጣህልን እናመሰግናለን» በዪ፤ ያስመጣውን ሁሉ በደህና መልሺ። ደግሞ ሥራ ስጪው። የአዲሱን ደጋን ጭራ ጊዜው ሲደርስ እሱ ይቀይር፤ ክሩን ከሱ ግዢ። ኢንተርኔት ላይ ሦስት ዶላር ረክሶ ስላየሽው እዚያ አትሩጪ፤ ታማኝነትሽን ለክሩ አውዪው፣ እሱ ነው የሱቁን ኪራይ የሚከፍለው። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ማኅበር ውስጥ ልጁን ቫዮሊን ሊያስጀምር የሚያስብ ወላጅ ስታገኚ ስልኩን ስጪ። አምስት የኪራይ ተማሪ ብትልኪለት ከአንድ ደጋን ይበልጥበታል።

የድሮውን ደጋን አትሽጪው፤ ሳጥኗ ውስጥ ሁለተኛ ቦታ አለ። ዝናብ ላይ፣ ሜዳ ላይ፣ ትምህርት ቤት ስትጫወት እሱን ትያዝ።

ቢቀየምስ? ሊቀየም ይችላል፤ ሰው ነው። ለትንሽ ጊዜ ፊቱ ቢጠቁር አንቺ እንዳልሰማሽ ሁኚ፤ መደበኛ ሥራሽን ይዘሽ ሂጂ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያልፈዋል። ካላለፈውና የሌላ ሱቅ ደጋን ነው ብሎ ጭራ አልቀይርም ካለሽ፣ እኔ እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ አልገጠመኝም፣ ግን ካለሽ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ የከፈልሽው ሒሳብ ውለታ እንዳላስቀረብሽ እወቂ።

ስለ ዳቦው ደግሞ፤ ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ‹ድፎ ዳቦ ጋግሬ ልውሰድለት?› ብለሽ ጠይቀሽ ነበር፣ ቆርጬው ነው። ውሰጂለት። ደጋኑን ለመንገር በምትሄጂበት ቀን ግን አይሁን፤ ጉቦ ይመስላል። ለገና ይሁን።

ልጅሽን ይዘሽ እንደምትሄጂ ለሰውየው መደወሉን አታቆዪው። ነሐሴና መስከረም የትምህርት ቤት ኪራይ ስለሚያጨናንቃቸው ማንም ቁጭ ብሎ አያዋራሽም፤ አሁን ጥሩ ጊዜ ነው። ብዙ የቫዮሊን ሱቆች እሑድና ሰኞ ዝግ ናቸው። ማክሰኞ ጠዋት፣ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ሳይወጡ፣ ደውዪለት።